ከነገራ እስከ ድርሰት፤ የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች

ሥነ ጽሑፍ ሁለት ሠራተኞች አሉት። አንደኛው ደራሲው ነው፤ ሁለተኛው አንባቢው ነው። ስለ ደራሲው ብዙ ተጽፏል፤ ማኅበር ተቋቁሞለታል፤ ሽልማትም ተመድቦለታል። አንባቢው ግን ማንበብን ከማን እንደ ተማረ፣ ያነበበውንም በምን ዐይነት ጽሑፍ እንዲገልጽ እንደ ተጠየቀ የሚያወሳ ጽሑፍ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በየዓመቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «የሚከተለውን ሥራ ተንትናችሁ ድርሰት ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ትእዛዙ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በአገር ውስጥ ሥር የሌለው ልማድ ተደርጎ ይቈጠራል። መምህሩም ተማሪውም አጠቃቀሙን የማያውቁትን ዕቃ እንደ ተረከቡ ሰዎች ይጨነቁበታል።

ይህ አመለካከት ከታሪክ ጋር አይስማማም። አንድን ንባብ ቃል በቃል ፈትቶ፣ የትርጉሙን አማራጮች አሰልፎ፣ ለእያንዳንዱም ከንባቡ ማስረጃ ጠቅሶ የመከራከር ልማድ በኢትዮጵያ የቅኔና የትርጓሜ ጉባኤያት ሲሠራበት የኖረ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲከፈት ይህ ልማድ ከደጅ ቀረ። በምትኩ ታሪኩን መልሶ መተረክ፣ ምክር ማውጣት፣ ቈይቶም መፈክር መድገም የትንታኔን ስም ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ዛሬ የትንታኔ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ የሚጠይቅ ተማሪ ተገቢውን መልስ የሚያገኘው ይህ ታሪክ ሲታወቅ ነው።

፩. የቅኔ ቤቱ ነገራ

በቤተ ክህነቱ የትምህርት ሥርዓት ፊደሉንና ዳዊቱን የጨረሰ ተማሪ፣ በዜማ ቤት በኩል አልፎም ሆነ ሳያልፍ፣ ወደ ቅኔ ቤት ይገባል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ በየራሳቸው መንገድ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፣ ከባለ ሁለት መስመሩ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ ስምንት መስመሩ መወድስ ድረስ ያሉትን የቅኔ ዐይነቶች በየደረጃቸው ይማራል።

ቅኔ ቤት በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የፈጠራ ችሎታው ነው። ከፈጠራው ጎን ለጎን የሚካሄደው የምርመራ ሥራ ግን እምብዛም አይነገርለትም። መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ሲጨርሱ ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ያ ነው፣ ይህ ግስ በዚህ እርባ የገባው በዚህ ምክንያት ነው እያሉ ለተማሪዎቻቸው ይፈቱታል። ተማሪውም በፈንታው ቀን ከሰው ተለይቶ ቅኔ ሲቈጥር ውሎ፣ የቈጠረውን በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ይህ ሥርዓት ነገራ ይባላል። በነገራ ጊዜ መምህሩ ሰዋስውን፣ ልክን፣ ቤት መምታትንና ምሥጢርን ያያሉ። ቃሉ ምሥጢሩን ካልተሸከመ ተማሪው ይታረማል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን ስላለበትም የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

የሰምና ወርቅ ስያሜ ራሱ ለትንታኔ የሚሆን ሕግ ይዟል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት አቅልጦ ካስወጣው በኋላ በባዶው ስፍራ ወርቅ ያፈስሳል። ወርቁ ሰሙ ከተወለት ቅርጽ አልፎ ሌላ ሊሆን አይችልም። የቅኔ ፍቺም እንዲሁ ነው። ፈቺው ያሻውን ወርቅ ሊያመጣ አይፈቀድለትም፤ የሚያመጣው ወርቅ በሰሙ ቃል ልክ መግባት አለበት። «ጥልቅ ትርጉም አለው» እያለ ከንባቡ የሚርቅ ተርጓሚ በቅኔ ቤት ሚዛን ቅኔውን አልፈታም።

በጎጃም ማየት የተሳናቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በቅኔ መምህርነት ታውቀዋል። የእርሳቸው መታወቅ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ለወንዶች ብቻ የተከለለ በሚመስለው ጉባኤ ሴት መምህርት ወንበር ዘርግታ አስተምራለች። ሁለተኛ፣ ይህ ዐይነቱ ምርመራ በመጀመሪያ የጆሮና የትዝታ ሥራ ነበር። ንባቡን በልቡ ያልያዘ ሰው በነገራ ፊት የሚቆምበት መሠረት አልነበረውም።

፪. «አንድም» የምትለዋ ቃል

ቅኔውን የፈጸመ ተማሪ ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። በዚያም የብሉይ፣ የሐዲስ፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት ተብለው የተከፈሉ አራት ጉባኤያት ይጠብቁታል። የግዕዙ ንባብ ይነበባል፤ ትርጓሜው በአማርኛ ይሰጣል። ትርጓሜው በቃል ሲተላለፍ ኖሮ በኋላ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ የጎንደር ሊቃውንትም ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት መንገዶች ይለያዩበታል። ሮጀር ካውሊ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1988 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የዚህን ትርጓሜ አሠራር ለዓለም ምሁራን አቅርቧል።

አሠራሩ ለዛሬው የክፍል ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በመጀመሪያ ንባቡ ይጠቀሳል። ቀጥሎ ቀጥተኛ ፍቺው ይነገራል። ከዚያ «አንድም» ተብሎ ሌላ ፍቺ ይከተላል፤ ለአንድ ኀይለ ቃል አንድም፣ አንድም እየተባለ ብዙ ፍቺ ሊሰለፍ ይችላል። ንባቡ በሌላ ቅጂ በሌላ መልክ የሚገኝ እንደ ሆነ «ይላል አብነት» ተብሎ ልዩነቱ ይመዘገባል። ነገሩን የሚያስረዳ ታሪክ ሲያስፈልግ ታሪኩ ይተረካል። ክርክር የሚያሻው ነገር ሲገኝ ደግሞ ሐተታ ይደረጋል።

ሐተታ የሚለው ቃል «ሐተተ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መመርመር፣ መጠየቅ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው፣ ኋላም በአውሮፓ ለዚህ የጽሑፍ ዐይነት መጠሪያ የሆነው ስም «ሙከራ» ማለት ነው። አንዱ ምርመራ፣ ሌላው ሙከራ ብሎ የሰየመው ሥራ ተቀራራቢ ነው። ጸሐፊው በሁለቱም ዘንድ የሚነሣው ከጥያቄ ነው፤ የሚያቀርበውም ሐሳቡ የተፈተነበትን መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ጥንታዊውን ሥርዓት ካለ ገደቡ ማወደስ ለታሪክ ታማኝ መሆን አይደለም። የትርጓሜው ጉባኤ የሚመረምራቸው መጻሕፍት የእምነት መጻሕፍት ነበሩ፤ በመጻሕፍቱ ላይ ፍርድ መስጠት ከተማሪው አይጠበቅም ነበር። የመምህሩ ቃልም ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው፤ በጎ ተማሪ የሚባለውም የተቀበለውን ሳያጐድል የሚያስተላልፈው ነበር። ደራሲውን የመጠየቅ፣ ሥራው የተሳካበትንና ያልተሳካበትን የመለየት መብት በዚያ አልነበረም። ይህን መብት ይዞ የመጣው ዘመናዊው የትንታኔ ድርሰት ነው። የሁለቱ መገናኘት ለሁለቱም ጥቅም በሆነ ነበር። ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

፫. አዲሱ ትምህርት ቤትና የተረሳው ስንቅ

እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ታተመ። አንዱ አዲስ ዐይነት አንባቢ፣ ሌላው አዲስ ዐይነት ንባብ ይዘው በአንድ ወቅት ተወለዱ። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም ከዚህ መጽሐፍ ርእስ ተነሥቶ ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በ1917 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከተለ። ከጠላት ወረራ በፊት ከውጭ ቋንቋዎች መካከል ፈረንሳይኛ ቀዳሚ ስፍራ ነበረው፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ቦታው ለእንግሊዝኛ ተለቀቀ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ከፍተኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሆነ።

በዚህ ሂደት የማስተማሩ ሥራ ለሁለት ተከፈለ። ትንታኔ የእንግሊዝኛ ክፍል ሥራ ሆነ። የአማርኛው ክፍል ሰዋስውን፣ ተረትና ምሳሌን፣ ግብረ ገብነትን ያዘ። በብዙ ስፍራ የአማርኛው መምህር ራሱ የቅኔ ቤት ልጅ ነበር። በጉባኤው ቤት ቃል ሲፈትሽ ያደገው ሰው በአዲሱ ክፍል የተሰጠው ሥራ «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ለማስተማሪያነት የተመረጡት ንባቦችም፣ እንደ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ያሉት ተወዳጅ መጻሕፍት፣ ምክራቸውን በግልጽ የሚሰጡ ስለነበሩ ጥያቄው ከንባቡ ጋር ይስማማ ነበር። ችግሩ የመጣው ምክሩን በግልጽ የማይናገር ሥራ ሲመጣ ነው።

በእንግሊዝኛው ዓለም ራሱ ይህ ችግር በይፋ የተመረመረው ዘግይቶ ነበር። የካምብሪጁ መምህር አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲያኑን ስም ያጠፋባቸውን ግጥሞች ለተማሪዎቹ አድሎ የተረዱትን እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አወጣው። የተማሩ ወጣቶች የግጥሙን ቀጥተኛ ትርጉም እንኳ ሲስቱ፣ ስም ያላዩበትን ታላቅ ሥራ ሲያቃልሉ፣ ቀድሞ በልባቸው ያለውን ስሜት በግጥሙ ላይ ሲጭኑ ታዩ። ከዚያ ወዲህ ቃልን ቀርቦ የመመርመር ዘዴ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ተስፋፋ። ለኢትዮጵያዊው ተማሪ ይህ ዘዴ እንደ አዲስ ግኝት ሲቀርብለት፣ አያቱ በነገራ ጊዜ ይሠሩት የነበረው እንደ ሆነ የነገረው አልነበረም።

በሁለቱ ዓለማት መካከል ድልድይ የሆኑ ሰዎች አልጠፉም። ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን የሕይወት ትዝታ ከአንደበታቸው ቀድተው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳትመዋል። ደበበ ሰይፉ በ1973 ዓ.ም. «የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር» የተባለውን መጽሐፍ አውጥቶ ስለ ተውኔት አጻጻፍ በአማርኛ መነጋገር እንደሚቻል አሳይቷል። ዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን»ን፣ ብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም»ን ጽፈው መምህራን በእጃቸው የሚይዙት መሣሪያ ሰጥተዋል።

በክፍል ውስጥ ግን የቀደመው ልማድ ጸና። ለዚህ የሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዕጣ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በአማርኛ ተማሪዎች ዘንድ እንደ እርሱ የተተነተነ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙው «ትንታኔ» ግን በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እንዴት እንዳስተማራት፣ እንዴት እንደ ተዋደዱ፣ እንዴት እንደ ተለያዩ የሚተርክ አሕጽሮት ሲሆን፣ በመጨረሻ «ደራሲው የፊውዳሉን ሥርዓት አጋልጧል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል። ይህን ለመጻፍ መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልግም፤ ያነበበ ጓደኛ መኖር ይበቃል።

መጽሐፉ ያስቀመጣቸው ጥያቄዎች ግን ገና ብዙ ሐተታ ይፈልጋሉ። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በስለት የሰጡት ሰብለ ወንጌልን ከማየቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። እንግዲያስ የፍቅረኞቹን ዕጣ የወሰነው የፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ነው ወይስ የወላጆች ስለት? ወይስ ሁለቱ የአንድ ሥርዓት ሁለት እጆች ናቸው? ካሳ ዳምጤ የተባለው ሰው «ጉዱ ካሳ» ሲባል ስሙን የሰጠው ማን ነው? ስሙ የሚናገረው ስለ እርሱ ነው ወይስ ስለ ሰያሚዎቹ? እነዚህ ጥያቄዎች ሰው ሊከራከርባቸው የሚችል መልስ አላቸው። ትንታኔ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። ማንም ሊቃወመው የማይችል ዐረፍተ ነገር የትንታኔ ማእከል ሊሆን አይችልም።

፬. የመፈክሩ ዘመን

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ሂስ የሚለው ቃል ከጥቂት ምሁራን እጅ ወጥቶ የዕለት ተዕለት ቃል ሆነ። «ሂስና ግለ ሂስ» በቀበሌው፣ በፋብሪካውና በትምህርት ቤቱ ስብሰባ የሚካሄድ ሥርዓት ሆነ። ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ይህ ዘመን ያበረከተው አስተዋጽኦ አለ። የጭሰኛው፣ የአገልጋዩ፣ የሴቲቱ ድምፅ በመጻሕፍት ውስጥ የት እንዳለ መጠየቅ፣ ድርሰት የሚጻፈው ስለ ማንና ለማን እንደ ሆነ መመርመር ተገቢና ዘግይቶ የመጣ ጥያቄ ነበር።

ሆኖም ጥያቄው ብዙም ሳይቈይ ወደ መልስነት ተለወጠ። ገጸ ባሕርያት ገና መጽሐፉ ሳይገለጥ ጨቋኝና ተጨቋኝ፣ ተራማጅና አድኃሪ ተብለው ተመደቡ። የተማሪውም ሥራ ለእያንዳንዱ ስም ተስማሚውን ሳጥን መፈለግ ሆነ። ሂስ ማለትም በብዙ ሰው ጆሮ ነቀፋ ማለት ብቻ ሆኖ ቀረ። ከምክር ወደ መፈክር የተደረገው ጉዞ ረጅም አልነበረም፤ ሁለቱም ከንባቡ በፊት የተዘጋጀ መደምደሚያ ይዘው የሚነሡ ናቸውና።

እንዲህ ዐይነቱ ንባብ ከክፍል ወጥቶ የሥልጣን መሣሪያ ሲሆን የሚያስከትለውን ጉዳት የበዓሉ ግርማ ታሪክ ያሳያል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገ ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተሰናበተ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። የገጸ ባሕርይ ቃልና የደራሲ ቃል አንድ ናቸው ወይ? ልብ ወለድ ከታሪካዊ ድርጊት ሲነሣ ለማን ምን ይናገራል? እነዚህ ጥያቄዎች በአደባባይ ሳይመረመሩ በመጽሐፉም በሰውየውም ላይ ተፈረደ። «አንድም» የማይባልበት ጉባኤ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ያ ሥርዓት በ1983 ዓ.ም. ወድቋል። ልማዱ ግን ስሙን እየለወጠ ይመለሳል። የደራሲውን ወገንና ትውልድ ጠይቆ በመጽሐፉ ላይ መፍረድ፣ ከአንድ ገጽ አንድ ዐረፍተ ነገር ነጥሎ ሰውን መክሰስ ያው ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ በፎቶ ኮፒ የተባዛው ማጠቃለያ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀርበው ድርሰት ተጨምሯል። ሁለቱም ተማሪውን ከንባቡ ጋር ሳይገናኝ ፍርድ እንዲሰጥ ያስለምዱታል። ጉዳዩ የፈተና ማርክ ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

፭. ሁለት መስመር ለማስረጃ

እንግዲህ የትንታኔ ድርሰት እንዴት ይጻፋል? በምሳሌ ማየቱ ይቀላል። ለዚሁ ተብላ የተሰናዳች አንዲት ባለ ሁለት መስመር ግጥም ትወሰድ፤

ሰባት ክረምት ሙሉ፣ ደጅ ስጠና ኖሬ፣
የኔታ ሳልማር ነው፣ መግባቴ ካገሬ።

የመጀመሪያው ሥራ ቀጥተኛውን ፍቺ ማስቀመጥ ነው። ተናጋሪው የቈሎ ተማሪ ነው። በመምህሩ ደጅ ሰባት ዓመት ኖሯል፤ ዕውቀት ሳያገኝ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ይህንንም ለመምህሩ ይነግራል። ብዙ ተማሪ ይህን እንደ ተራ ነገር ዘሎት ያልፋል። ነገር ግን ሰሙን ያልያዘ ወርቁን የሚያፈስስበት ቅርጽ የለውም።

ሁለተኛው ሥራ ቃላቱን መፈተሽ ነው። «ሳልማር» ኅብር ነው፤ ትምህርት ሳላገኝ ማለት ነው፤ አንድም ምሕረት ሳላገኝ ማለት ነው። «የኔታ» የመምህር አጠራር ነው፤ አንድም ከሥሩ «የኔ ጌታ» ነውና ባለሥልጣንን ያመለክታል። «ደጅ መጥናት» የተማሪ ግብር ነው፤ አንድም በጌታ ደጅ ሹመት ወይም ይቅርታ የሚጠብቅ ሰው ግብር ነው። ሦስቱ ቃላት በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ሁለተኛው ፍቺ ይቆማል፤ ተናጋሪው ጌታውን የበደለ፣ ሰባት ዓመት ይቅርታ ሲለምን ኖሮ ሳይማር የሚመለስ ሰው ነው። አንዱ ቃል ብቻውን ቢያመለክት ግምት ነበር፤ ሦስቱ መስማማታቸው ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ሥራ ሌላ አንድምታ መኖሩን መፈተን ነው። «የኔታ» ፈጣሪ፣ «አገሬ» መቃብር ቢሆንስ? ያን ጊዜ ተናጋሪው ኀጢአቱ ሳይሰረይለት የሚሞት ሰው ይሆናል። «ደጅ» የቤተ ክርስቲያን ደጅም ሊሆን ስለሚችል ይህ ፍቺ ይቻላል። ነገር ግን «ሰባት ክረምት» የሚለው የተወሰነ ቍጥር ከዕድሜ ልክ ጸሎት ይልቅ ከደጅ ጥናት ጋር ይበልጥ ይስማማልና ከሁለተኛው ፍቺ ይልቅ የላላ ነው። «መምህሩ ሰነፍ ናቸው» የሚል ተማሪ ቢኖርስ? ግጥሙ ተማሪው ለምን እንዳልተማረ አንድ ቃል አይናገርም፤ ስለዚህ ይህ ፍቺ ይወድቃል። «ግጥሙ የፊውዳሉን ሥርዓት ያወግዛል» የሚለውስ? ከመፈክር ተነሥቶ የተባለ እንደ ሆነ ባዶ ነው። ደጅ ጥናት ከሚለው ቃል ተነሥቶ፣ የአንድ ሰው ሰባት ዓመት በሌላው ፈቃድ ላይ እንዲንጠለጠል ያደረገውን ግንኙነት አሳይቶ የተባለ እንደ ሆነ ግን ይቆማል። ቃሉ አንድ ቢሆንም የመጣበት መንገድ ፍርዱን ይለውጠዋል።

አራተኛው ሥራ የዐረፍተ ነገሩን አሠራር ማየት ነው። ግጥሙ «ሳልማር ገባሁ» አላለም፤ «ሳልማር ነው መግባቴ» አለ። «ነው» ከ«ሳልማር» ቀጥሎ በመግባቱ የነገሩ ክብደት በመመለሱ ላይ መሆኑ ቀርቶ በባዶ እጅ መመለሱ ላይ ወደቀ። የወቀሳው ቅሬታ ከዚህ የተሰማው ነው።

እነዚህ ሁሉ በረቂቅ ወረቀት ላይ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው ድርሰቱ የሚጻፈው። ከድርሰቱ አንዱ አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤

«በእነዚህ ሁለት መስመሮች የመማር ልመና የምሕረት ልመና ሆኖ ይገኛል። ‹ሳልማር› የሚለው ቃል ዕውቀትን ማጣትንም ይቅርታን ማጣትንም ይናገራል፤ ‹የኔታ› የሚለው አጠራርም መምህርንም ጌታንም ይጠራል። ሁለቱን ፍቺዎች የሚያስተሳስራቸው ‹ደጅ ስጠና› ነው፤ ደጅ ጠኚ፣ ተማሪም ቢሆን በደለኛም ቢሆን፣ በሌላው ፈቃድ የሚኖር ነውና። ስለዚህ የተናጋሪው ኀዘን የደከመበት ነገር በገዛ እጁ የማይጨበጥ በመሆኑ የመጣ ነው።»

አንቀጹ በአንድ አቋም ይነሣል። ማስረጃውን ከንባቡ በጥቅስ ያመጣል። ማስረጃው አቋሙን እንዴት እንደሚደግፍ ያትታል። በመጨረሻ ከተነሣበት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ያርፋል። ረጅም ልብ ወለድ የሚተነትን ድርሰትም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርያት፣ ግጭት፣ መቼትና የአተራረክ አንጻር ሁሉ በአንድ ድርሰት ለመዘርዘር የሚሞክር ተማሪ ግን ዝርዝር እንጂ ትንታኔ አይኖረውም። አንድ ጥያቄ መርጦ ለእርሱ የሚሆነውን ብቻ ከመጽሐፉ ማምጣት ይገባዋል። ታሪኩን መተረክ የሚያስፈልገው ማስረጃው የት እንዳለ ለማመልከት በሚበቃ መጠን ነው።

፮. ለመምህሩ የሚቀረው ሥራ

ተማሪው እንዲህ እንዲጽፍ የሚጠይቀው መምህር ጥያቄውን አስቀድሞ መለወጥ አለበት። «የመጽሐፉን ጭብጥ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ትክክለኛ መልስ ያለ ያስመስላል፤ ተማሪውም መልሱን ከሌላ ሰው ይቀዳል። «ጉዱ የሚለው ስም የሚገባው ለማን ነው? ከመጽሐፉ ማስረጃ አቅርባችሁ ተከራከሩ» የሚለው ግን የሚቀዳ መልስ የለውም። እርማቱም እንደዚሁ ነው። መምህሩ ከተማሪው አቋም ጋር ባይስማማም ማስረጃው የጸና እንደ ሆነ ማርኩን ሊሰጥ፣ ቢስማማም ማስረጃ የሌለው እንደ ሆነ ሊነሣው ይገባል። ነገራም ከነጭራሹ የጠፋ ሥርዓት ሊሆን አይገባውም። ተማሪው ድርሰቱን ከመጻፉ በፊት ቆሞ አቋሙን ቢናገር፣ ጓደኞቹም «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለው ቢጠይቁት፣ ከሌላ የተቀዳው ሐሳብ በዚያው ይታወቃል፤ የራሱ የሆነውም ይጠነክራል። ክፍሉ በተማሪ በተጨናነቀበት ስፍራ እንኳ በየሳምንቱ ለጥቂቶች ተራ መስጠት ይቻላል።

ለጥበብ ሰዎችም ይህ ሥራ ይመለከታቸዋል። ደራሲ የሚፈራው የሚመረምረውን አንባቢ ሊሆን አይገባም፤ ሊፈራ የሚገባው ሳያነብ የሚያመሰግነውንና ሳያነብ የሚፈርደውን ነው። በሕዝብ መካከል ተመድበው በባህል ዘርፍ የሚሠሩም ሰዎች አንድን ተውኔት ወይም መጽሐፍ ከመመዘናቸው በፊት ሰሙን ይያዙ፤ «አንድም» ይበሉ፤ የሚሉትንም ከንባቡ ያሳዩ። የቅኔ ቤት ተማሪ በሁለት መስመር ላይ ሌሊት ያነጋ ነበር። የዛሬው ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሰዓት ቢቈይና «ይህን ከየት አመጣኸው?» ለሚለው ጥያቄ ጣቱን በመስመሩ ላይ አድርጎ ቢመልስ፣ ትንታኔውን ጽፏል ማለት ነው።